ፈረስ የማይጋልብበት ኮብልስቶን

ከተማና ሕንፃ በትንሹ ከሚሠራበት፣ ቆሰበር ካለው የጋሽ ደጉ ማኬት ቤት በገባሁበት ቀን ማስመሪያና እርሳሴን በቦርሳ ይዤ ነበር። ዳንግላ ድራፍቲንግ ተምሬ መጨረሴ ነው። ፕላን ያስነሡኛል ብዬ ስጠብቅ ወንፊት አስጨበጡኝ።

«እንጨት ቤቱ ሰጋቱራ አለ፤ ንፊ» አሉኝ።

«ከዚያስ ጋሼ?»

«ከዚያማ እንደገና ትነፊያለሽ።»

በዚያ ቤት ማዕረጉ ሦስት ነው፤ ነፊ፣ ለጣፊ፣ መሬት ሠሪ። ፎቁንና ድልድዩን ማንም ይሠራዋል፣ ማኬትን ማኬት የሚያሰኘው መሬቱ ነው ይሉ ነበር ጋሽ ደጉ። መሬት ሠሪው እሳቸው ብቻ ነበሩ። እኔ ሁለት ዓመት ነፋሁ፣ ሦስት ዓመት ለጠፍኩ። ሦስተኛውን ማዕረግ እንዴት እንደተመኘሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ዛሬ የተቀለመ ሣር በከረጢት ለምትገዙ ልጆች አሠራራችንን ልንገራችሁ። ሰጋቱራው በሦስት ወንፊት ይነፋል። ደቃቁ ሣር፣ መካከለኛው ቁጥቋጦ ይሆናል፤ የተረፈው ለምድጃ ነው። የተነፋው በውሃ በቀጠነ አረንጓዴ ቀለም ይነከርና ማዳበሪያ ከረጢት ላይ ይሰጣል። አንድ ቀን ነፋስ ተነሥቶ ጎረቤታችን አጥባ ያሰጣችውን ነጠላ አረንጓዴ አልብሶባታል። ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

አስፋልት ስንሠራ ጥቁር ብርጭቆ ወረቀት እንለጥፋለን። ለኮብልስቶን ደግሞ ጄሶ በስሱ እናፈስና ሳይደርቅ በሚስማር ድንጋዩን አንድ በአንድ እየለየን እንጭራለን። ወገብ ይፈትናል፤ ሲያምር ግን ያምራል።

በአምስተኛው ዓመቴ እትዬ አስካል የሚባሉ አፀደ ሕፃናት ያላቸው ሴት መጡ። ወንድማቸው በኤሌክትሪክ የሚሄድ መጫወቻ ባቡር ከነሐዲዱ ልኮላቸዋል።

«ባቡር ቆሰበር ሲገባ የሚያሳይ ማኬት ሥሩልኝ» አሉ።

«የቱ ባቡር?» አሉ ጋሽ ደጉ።

«አንድ ቀን መምጣቱ መቼ ይቀራል? ልጆቹ ቀድመው ይልመዱት።»

ጋሽ ደጉ ሥቀው ሥቀው ወደ እኔ ዞሩ። «መሬቱን አንቺ ሥሪው። ከተሳካ መሬት ሠሪ ትባያለሽ። ካልተሳካ ሰጋቱራው የትም አይሄድብሽም።»

ሐዲዱን ጠጠር አለበስኩት። ዘንገና ሐይቅን በቫርኒሽ ደራርቤ አበራሁት። መሐል ላይ ፈረሰኞች በጥር በዓላቸው የሚጋልቡበትን ሜዳ ግን ላክብረው ብዬ ከዳር እስከ ዳር ኮብልስቶን አነጠፍኩበት። አሥራ አንድ ቀን ጫርኩ። ጋሽ ደጉ ከእንጨት የጠረቧቸውን ሰባት ትንንሽ ፈረሶች በላዩ አቆምኩ። እትዬ አስካል አይተው እልል አሉ፤ እኔም ማዕረጉን በእጄ ያስገባሁ መሰለኝ።

ምርቃቱ እሑድ ሆኖ ሐሙስ ዕለት የእትዬ አስካል አባት፣ አባባ ቢተው፣ ከዘንገና በኩል በፈረስ መጡ። ማኬቱን ዞረው ዞረው አዩና ሜዳው ጋ ቆሙ።

«ልጄ፣ ባቡሩስ መንገድ አለው። ፈረሶቹ ግን ምን ቢበድሉሽ ነው ኸድንጋይ ላይ ያወጣሻቸው?»

«አባባ፣ ይኼ እኮ ማኬት ነው።»

«ማኬት ምንድን ነው?»

«የሚሆነውን ቀድሞ የሚያሳይ ነው።»

«አየሽ! ይኸው ፈረሱ ሲንሸራተት፣ ፈረሰኛው ሲሰበር እየታየኝ ነው።»

ተናደድኩ። እሳቸው ግን እጄን ይዘው ወደ በር ወሰዱኝ። መንገዱ ኮብልስቶን ነው። የፈረሳቸው ዱካ ግን በድንጋዩ ላይ ሳይሆን ከቦዩ አጠገብ ባለው ጭቃ፣ በዳር በዳር ነበር። አምስት ዓመት የተመላለስኩበት መንገድ ነው፤ አንድም ቀን ልብ አላልኩትም። አፈርኩ።

«የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» አሉ ጋሽ ደጉ ከኋላዬ። «ያዘዙት እትዬ አስካል ወደውታል። መተዉም ማፍረሱም የአንቺ ነው።»

ልተወው አሰብኩ፤ ማንም አይወቅሰኝም ነበር። ግን ሰባቱን ፈረሶች ባየሁ ቁጥር ሲወድቁ ይታዩኝ ጀመር። ጄሶው ላይ ለብ ያለ ውሃ አፈሰስኩና በመሮ ፋቅሁት። የአሥራ አንድ ቀን ሥራ በአንድ ሰዓት ባልዲ ውስጥ ገባ። አለቀስኩ፤ አልዋሽም።

አርብ ጠዋት አረንጓዴ ሰጋቱራዬን ላለብሰው ስል አባባ ቢተው ተመልሰው መጡ። «በጥር እንዲህ ያለ ልምላሜ ኸየት ይመጣል?» አሉ። አረንጓዴውን ትቼ የጤፍ ጭድ አድቅቄ ከተነፋ ቀይ አፈር ጋር ደባለቅሁ፤ በቀጠነ ኮላ ላይ በተንሁት። ኮላው ሳይደርቅ አባባ የገብስ አገዳ ቆርጠው ጫፉን መሬቱ ላይ ጫን ጫን ያደርጉ ጀመር። ትንንሽ ክብ ዱካ ወጣ።

«የሚሰግር ፈረስ ዱካው ይቀራረባል፤ የሚጋልብ ይራራቃል። በይ፣ አንቺ ደግሞ ከዚያ ወዲያ አስጋልቢ።»

አስጋለብኩ። እሳቸው በአፋቸው የኮቴ ድምፅ እያሰሙ፣ እኔ እየሣቅሁ፣ ሜዳውን ሞላነው። በሥራ ዘመኔ እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት የለም።

እሑድ በአፀደ ሕፃናቱ ባቡሩ እየጮኸ ቆሰበር ገባ። ልጆቹ አብረውት ጮኹ። ሦስተኛውን ዙር ሲጀምር ግን አንዲት ልጅ ከፈረሶቹ አንዱን ብድግ አድርጋ ሜዳው ላይ ታስጋልብ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሏት፤ ባቡሩ ብቻውን ይዞር ገባ። እትዬ አስካል ደንግጠው «ኧረ ተዉ፣ ታበላሹታላችሁ!» ብለው ተነሡ።

«ይተዉዋቸው» አሉ ጋሽ ደጉ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ። «የመሬት ሠሪዋ መሬት ይችላል።»

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሜዳና መንገድ ሠርቻለሁ። ኮላ ከመቀባቴ በፊት ማን እንደሚሄድበት እጠይቃለሁ።