መርፌውን እሺ፣ ቁርሱን እምቢ

ማስተዋል ኃይለሚካኤል እንደኔ ለፍላፊ አልነበረችም። ደብረ ብርሃን ነርስነት ለመማር አንደኛ ዓመት ስንገባ አንድ የመኝታ ክፍል ደረሰንና የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ «እሺ» እና «አይ» ብቻ ስትለኝ ከረመች። ብርዱን እንኳ አላማረረችም። እኔ የከተማው ተወላጅ ሆኜ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ስንቀጠቀጥ፣ እሷ ጋቢዋን ጣል አድርጋ ታጠናለች። የመዘዞ ልጅ ናት፤ ደብረ ብርሃን ለእሷ ቆላ ነው።

ዩኒቨርሲቲያችንን ያቋቋመችው የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ናት። አባቴ ወንጌላዊ ስለሆነ እኔ እዚያ መግባቴ ማንንም አልገረመም። ማስተዋል ግን ኦርቶዶክስ ናት፤ ለዚያውም አጥባቂ። የመጣችው ለገጠር ሴቶች በተሰጠ ነፃ የትምህርት ዕድል ነው። ጠዋት ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ሁላችንም አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ ይዘመራል፣ ቃል ይነበባል፣ ይጸለያል። እሷ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ትቀመጣለች። ማንም እንድትዘምር አስገድዷት አያውቅም፤ እሷም ከማንም ጋር ተከራክራ አታውቅም። ረቡዕና ዓርብ ስትጾም እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እንቁላሌን እየበላሁ «በባዶ ሆድሽ ይኼ ሁሉ የደም ሥር ስም እንዴት ይገባሻል?» እያልኩ እተርባታለሁ። ፈገግ ትልና መጽሐፏን ትገልጣለች። እንደዚያ ስትሆን ደግሞ ንድድ ነበር የሚለኝ፤ ሰው ሲነካ መመለስ አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛ ዓመት ላይ ለሆስፒታል ልምምድ ከመውጣታችን በፊት ቃለ መሐላ ፈጸምን። ነጭ ጋወን ለብሰን፣ ሻማ አብርተን ቆምን። መዘምራኑ ሲዘምሩ ሻማችንን ከፍ እንድናደርግ ተነገረንና ማስተዋልም እንደ ሁላችን ከፍ አደረገች። ከተማሪዎቹ አንዱ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ ለቀቀው። በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው መዘዞ ገብቷል። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ፣ ፊቷ በሻማው በርቶ፣ ከኋላዋ መዝሙሩ። «የኃይለሚካኤል ልጅ ጴንጤ ሆነች» ተባለ። እናቷ እማማ ዘርፈሽዋል ደውለው እያለቀሱ ማተቧን እንዳልበጠሰች አስማሏት። አባቷ ምንም አላሉም። ትምህርቱን አቁሚም አላሏትም። እሷን ያስጨነቃት የእሳቸው ዝምታ ነበር።

ለጥምቀት አገሯ ስትሄድ ደግሞ የባሰ ነገር ገጠማት። የቤተሰቡ የነፍስ አባት መምሬ ወልደተንሣኤ ናቸው፤ እሷንም ያጠመቋት እሳቸው ናቸው። ከታቦቱ መመለስ በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጠብቃ፣ አንገቷን ደፍታ፣ መስቀል ለመሳለም ፊታቸው ቆመች። አለፏት። አጠገቧ የቆሙ ባልቴት «አባቴ ይባርኩኝ» ሲሉ መምሬ ዘወር ብለው መስቀሉን ለእሳቸው ሰጡ። ማስተዋል ሰው እያያት እንደ ጎነበሰች ቀረች።

ስትመለስ ይህን የነገረችኝ ልብሷን ከሻንጣ እያወጣች ነው። ድምፅዋ አልተለወጠም፤ አንዷን ነጠላ ግን ሦስት ጊዜ አጠፈቻት። እኔ በእሷ ፈንታ ጦፍኩ። «ተያቸው!» አልኳት። «ምን አጥፍተሽ ነው የምትለማመጫቸው? ሁለተኛ ደጃቸውን እንዳትረግጪ!» እንዲህ ስላት ጓደኝነቴን ያሳየሁ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን አባቷ ታመሙ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ሰውነታቸው በአንድ ወር ውስጥ ሟሟ፤ ውሃ ጠጥተው አይረኩም፤ ሌሊቱን ለሽንት ሲመላለሱ ያድራሉ። ደብረ ብርሃን ሆስፒታል አምጥታ ስታስመረምራቸው ስኳር ነው ተባለ፤ ኢንሱሊን በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወጉ ታዘዘ። መርፌ አወጋጉን ያስተማረቻቸው ራሷ ናት። አብሬ ነበርኩ። እኚያ ሞፈር የሚጠርቡ ወፋፍራም ጣቶች ያቺን ቀጭን መርፌ እንዴት አድርገው እንደያዟት! ሆዳቸውን ቆንጠጥ አድርገው ወጉና «በጎቼ ሲከተቡ እስቅባቸው ነበር፤ ተራዬ ደረሰ» አሉን። ሳቅን። ማስተዋልን እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባዬ፣ መርፌውን አንድም ቀን እንዳያስቀሩ» አለቻቸው። «ከተወጉ በኋላ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይበላሉ። ተወግተው ሳይበሉ መቆየት አይቻልም፤ ስኳሩ ወርዶ ይጥላል። ላብ ላብ ካለዎት፣ እጅዎ ከተንቀጠቀጠ ይቺን ከረሜላ ቶሎ አፍዎ ውስጥ ያድርጉ።» ከረሜላውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ጨመረችላቸው።

«ሁዳዴ ሲገባስ?» አሉ።

«ሁዳዴም ቢሆን ጠዋት ይበላሉ። ሽሮውን፣ ቂጣውን ይብሉ፤ ቅዳሴ እስኪወጣ አይጠብቁ።»

ጋሽ ኃይለሚካኤል ቀና ብለው አዩዋት። «ይኼን ያስተማሩሽ እዚያ ያሉት ናቸው?»

«አዎ አባዬ፣ አስተማሪዎቼ ናቸው።»

«እሺ ልጄ» አሉ፤ ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

እሷም እኔም «እሺ» ማለታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርነው። በአገራችን ሰው እሺ ተብሎም እንደሚሸኝ እንዴት እንደጠፋን አላውቅም። ሌላ ሰው የተናገረው ቢሆን ምናልባት ይሰሙ ነበር። ልጃቸው ግን ያ ቪዲዮ ከወጣ ወዲህ ስለ ጾም አፏን በከፈተች ቁጥር፣ የሚሰማቸው የሕክምና ምክር አልነበረም። ልጄ ከሃይማኖቴ ልታስወጣኝ ነው የሚል ፍርሃት ነበር።

ይህን ቀድማ ያወቀችው አስተማሪያችን ሲስተር ንጋቷ ናት። ክፍል ውስጥ «ጾመኛ ሕመምተኛ ሲገጥማችሁ እናንተ አትከራከሩ፤ የነፍስ አባቱን ፈልጉና እሳቸው ይንገሩት» ብላ አስተምራናለች። ፈተና ላይም መጥቶ ነበር፤ ማስተዋል አንድ ነጥብ ሳይጎድልባት መለሰችው። ሲስተር የአባቷን መታመም ስትሰማ ጠርታ «ቅበላ ሳያልፍ አገርሽ ሂጂና መምሬን አነጋግሪ። ዛሬ ነገ አትበዪ» አለቻት። «እሺ ሲስተር» አለች። እሷም እሺ አለች።

የቅበላ ሰሞን ሄዳ ሁለት ቀን አደረች። የመምሬ ቤት ከእነሱ ቤት ቢርቅ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እስከ አጥሩ ሄዳ እንደተመለሰች በኋላ ነገረችኝ። ያ የጥምቀቱ ቀን ትዝ አላት፤ ደግሞ ሰው ፊት ብትታለፍስ? አባቷን እንደገና እሷው ራሷ መከረችና፣ እንደገና እሺ ተብላ ተመለሰች።

«መምሬን አነጋገርሻቸው?» አልኳት ስትመጣ።

«አላነጋገርኳቸውም።»

«ጎሽ!» አልኳት።

ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሆስፒታል ቁስል እያጠብን ሳለ አጎቷ ጋሽ ጋሻው ደወሉ። ጋሽ ኃይለሚካኤል ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መርፌያቸውን ተወግተዋል። ሐኪም ያዘዘው ስለሆነ፣ ልጃቸውም አንድም ቀን እንዳያስቀሩ ስላለች፣ ከታዘዘ ጀምሮ አላስቀሩም። ከዚያ ጾሙ ከገባ ጀምሮ እንደሚያደርጉት ምንም ሳይቀምሱ፣ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የበልግ ገብስ ሊዘሩ በሬዎቻቸውን ነድተው ወጡ። አምስት ሰዓት ሲሆን ላብ አጠመቃቸው፤ የማረሻው እርፍ ከእጃቸው ወጣ። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ከረሜላውን አወጡና አዩት። አብረዋቸው ያርሱ የነበሩት ጋሽ ጋሻው «እንዴ፣ ብላው እንጂ!» ሲሏቸው «ቅዳሴ ሳይወጣ?» አሉ። የተናገሩት የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። በቃሬዛ ቢሸከሟቸውም ጤና ጣቢያው ሳይደርሱ አረፉ።

ማስተዋል ስልኩን ዘግታ የጀመረችውን ቁስል አሸገች። ፕላስተሩን አስተካክላ ለጠፈች። ከዚያ ጓንቷን አውልቃ «አባቴ ሞተ» አለችኝና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

አብሬያት ሄድኩ። ከጣርማ በር ወደ መዘዞ ስንታጠፍ ጉሙ መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ከቀብር በኋላ ድንኳን ውስጥ ተቀመጥን። እማማ ዘርፈሽዋል ደረታቸውን እየመቱ «መርፌውን እሺ፣ ቁርሱን እምቢ አለኝ! ለምኜው እምቢ አለኝ!» ይላሉ። ለቀስተኛው ማስተዋልን ሰረቅ እያደረገ ያያል። እኔ ደሜ ፈልቷል፤ መምሬ ወልደተንሣኤ ከገቡ የምነግራቸውን በልቤ አዘጋጅቻለሁ።

ገቡ። ምርኩዛቸውን መሬት ለመሬት እያስነኩ፣ በግራ እጃቸው አየሩን እየዳበሱ። «ማነው እዚህ ያለው?» አሉ።

«ማስተዋል ናት አባታችን» አሉ እማማ ዘርፈሽዋል።

«ማስተዋል? ልጄ!» መስቀሉን ዘረጉ፤ ፊቷን ስቶ ትከሻዋን አልፎ ሄደ። ያኔ ዓይናቸውን አየሁት። ሁለቱም ነጭ ሞራ ለብሰዋል። ማስተዋልም አየችው። ሁለታችንም የተማርነው ነገር ነው።

«አባ፣ ዓይንዎ…»

«ከመስከረም ወዲህ ሰው የማውቀው በድምፁ ነው። ከቅዳሴ እንዳልቀር ብዬ ለማንም አልተናገርኩም፤ መንገዱንም ዜማውንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አንቺ ለጥምቀት ሳትመጪ ቀረሽ? ድምፅሽን ስጠብቅ ነበር እኮ። ሃይማኖቷን ለወጠች ሲሉኝ፣ ራሷ መጥታ ትንገረኝ እንጂ ወሬ አልሰማም ብያቸዋለሁ።»

ማስተዋል መስቀሉን በእጇ ወደ ግንባሯ አመጣችው። ያዘጋጀሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

መምሬ ዳብሰው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ኃይለሚካኤል እንዲህ ያለ ሕመም ነበረበት? እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም? ለታመመ ሰው እኮ ጾም አይታዘዝም። በጠዋት ብላ ብዬ ባዘው እምቢ ይለኝ ነበር?»

አይሏቸውም ነበር። ድንኳን ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። እማማ ዘርፈሽዋል ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

በአራተኛው ቀን ስንመለስ ማስተዋል መስኮቱ በኩል ተቀምጣ ነበር። ጣርማ በርን አለፍን። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር «ፅጌ፣ አባቴን የገደለው ስኳር አይደለም» አለች። «ኩርፊያዬ ነው። የአሥር ደቂቃ መንገድ ነበር።»

አይደለም ልላት ፈለግኩ። ደጃቸውን እንዳትረግጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ፣ ሳትሄጂ ስትመጪ ጎሽ ያልኩሽ እኔ ነኝ ልላት ፈለግኩ። እኔ፣ ሰው ሲነካ መመለስ አለበት የምለው፣ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አሁን አራተኛ ዓመት ነን፤ አሁንም አንድ ክፍል ነን። እሷ አባቷን ለብቻዋ እንደገደለች አድርጋ ታስባለች፣ እኔ ደግሞ ጥፋቱ የእኔም መሆኑን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም።