ልባሱን ያላመንኩት ባትሪ

ወንድሜ ባትሪውን መዳፌ ላይ ሲያስቀምጠው መጀመሪያ የታወቀኝ ቅለቱ ነው። ከአውራ ጣት ትንሽ ረዘም ይላል፤ ወይን ጠጅ ቀለም ባለው ስስ ፕላስቲክ ተለብጧል፤ ጎኑ ላይ በወርቃማ ቀለም «9900» ተጽፎበታል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ቤተ ሙከራ ውስጥ የዚህ መጠን ባትሪ ብዙ ጊዜ ይዣለሁ። ከበድ ይላል፤ እጅ ላይ ሲያርፍ መኖሩ ይታወቃል። ይኼኛው ግን ውስጡ የጎደለ ነገር ያለ መሰለኝ።

«ከየት ገዛኸው?» አልኩት።

«ከሞባይል ቤቱ። ምነው፣ አላማረሽም?»

«ማን ነው የሠራው?»

«እንዴ! ሙሽራ ነው እንዴ ዘሩ የሚጠየቀው?»

ወንድሜ አስጎብኚ ነው። እንግዶች ወደ ላሊበላ እንደገና ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምሩ የመጀመሪያዎቹን ተቀብለው ከዞሩት ልጆች አንዱ እሱ ነበር። ከእንግዶቹ አንዱ፣ አሸተን ማርያም አብረው ወጥተው ሲወርዱ ደስ ብሎት፣ የራሱን ቬፕ ትቶለት ሄደ። ትንሽ ስክሪን ያላት፣ ከውስጧ ባትሪ የሚወጣና የሚገባባት፣ ጣፋጭ ፈሳሽ የምታሞቅ፣ እንፋሎቱ በአፍ የሚሳብባት መሣሪያ ናት። ወንድሜ «ጭስ አይደለም፣ እንፋሎት ነው» ይላል። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ ናቸው። በጭስና በእንፋሎት መካከል ያለው ልዩነት እሳቸው ዘንድ እንደማይሠራ ሁለታችንም ስለምናውቅ፣ ወንድሜ የሚስባት ከቤት ጀርባ ካቡ ሥር ቁጭ ብሎ ነበር። ከሱ ሌላ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተምሬ ሥራ እስካገኝ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እገባለሁ። ዕቃ ላይ የተጻፈ ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፍም። የዚህ መጠን ባትሪ፣ ምርጥ የሚባለው እንኳ፣ ልባሱ ላይ ከተጻፈው የኃይል መጠን፣ ከ9900ው፣ ሲሶውን ያህል ቢይዝ ነው። ከቁጥሩ ሥር ደግሞ በደቃቁ «30 አምፒር» ይላል። ስለሚይዘው የዋሸ ልባስ ስለሚሰጠው እውነት ይናገራል ብዬ አላሰብኩም።

«መሣሪያህ እስከ ስንት ዋት ይሄዳል?»

«ሰማንያ። እንግዳው ሰባ ላይ ነበር የሚያደርገው።»

«ሰማንያ ዋት ከዚህ ከአንዱ ባትሪ ማውጣት ማለት ሃያ አምስት አምፒር ያህል መምጠጥ ነው። ይኼ ደግሞ ከአሮጌ ላፕቶፕ ተፈትቶ አዲስ ልባስ የለበሰ ይመስለኛል። ቀስ ብሎ እንዲሰጥ የተሠራ ነው፤ ስትጎትተው ይግላል።»

«ታዲያ መሣሪያው ራሱ አይከለክልም?»

«መሣሪያው የሚያውቀው ያዘዝከውን ነው። ሆዱ ውስጥ ምን እንደገባ በምን ያውቃል? እንዲያውም ባትሪው ሲደክም ቮልቱ ይወርዳል፤ መሣሪያው ያዘዝከውን ዋት ለመሙላት አምፒሩን ይጨምራል። በደከመው ላይ ነው የሚጭነው።»

«የብልባላ ገበያ አህያ በይኛ።»

ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም። ባትሪውን ወደ ሞባይል ቤቱ እንዲመልስ ላክሁት። ባለሱቁ የለም ተባለ፤ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ «ኦርጅናል ነው፣ ጊዮርጊስን!» ብሎ ማለለት።

«ጊዮርጊስ አምፒር ይለካል?» አልኩ።

«ተይ እንጂ! አንቺ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶሻል?»

ባለሱቁ እስኪመለስ ባትሪው እኔ ዘንድ ይቀመጥ ተባባልን። ሁለቱን ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍኜ ባዶ የቅባት ዕቃ ውስጥ ከተትኩና መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። መሣሪያው ውስጥ እንግዳው የተወለት የደከመ ባትሪ ተመለሰ፤ ኃይሉንም አሥራ አምስት ዋት ላይ ወሰንኩት። ወንድሜ አንዴ ሳበና አየኝ።

«ይኼማ የሻይ እንፋሎት ነው።»

«ሻይ ጠጣበት።»

ከዚያ ወዲህ ወንድሜን ማመን ተውኩ። ጃኬቱን ሰቅሎ ሲወጣ መሣሪያውን አውጥቼ ስክሪኑን አያለሁ፤ መጋሉንም በእጄ ጀርባ እሞክራለሁ። አንድ ቀን አሥራ አምስቱ አርባ ሆኖ አገኘሁት።

«ኪስ ውስጥ ተነካክቶ ነው» አለኝ።

«ቆልፈው ብዬህ አልነበር?»

«ቆልፌዋለሁ።»

«የተቆለፈ ነገር እንዴት ይነካካል?»

«አንቺ እኮ መርማሪ መሆን ነበረብሽ። ኢንጂነር ያደረገሽ ማን ነው?»

መልሼ አሥራ አምስት አደረግኩት። የፈራሁት ለጣቱ ብቻ አይደለም። እነዚህ ባትሪዎች ሲበላሹ ቀስ ብለው አይሞቱም፤ ይነድዳሉ። አፉ አጠገብ ቢሆንስ? እንግዶች አስከትሎ ገደል ጥግ ላይ ሲሄድ ደረት ኪሱ ውስጥ ቢሆንስ?

አባታችንም በበኩላቸው መጠርጠር ጀምረው ኖሯል። እናታችን ብልባላ እህቷ ዘንድ ለተዝካር ሄዳ ስለነበር ምሳ የምናቀርበው እኔና ወንድሜ ነን። አንድ ቀን አባባ ጉርሻቸውን አፋቸው አጠገብ አድርሰው ቆም አሉ።

«ይኼ ቤት ማንጎ ማንጎ ይሸታል።»

ዙሪያቸውን አሸተቱ።

«ከቆላ የመጣ ሰው አለ?»

«የለም አባባ» አልኩ።

ቀና ብለው እኔን አዩኝ፤ ልብሴን፣ ፀጉሬን። ሽቶ የጀመርኩ እንደመሰላቸው ገባኝና ፊቴ ጋለ። ወንድሜ ወጡ ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ልናገር ብል የሱን ገመና ማውጣት ነው፤ ስለዚህ ጥርጣሬውን ተሸክሜ ሰሃን አነሳሁ።

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መደርደሪያው ጋ ስሄድ የቅባቱ ዕቃ ባዶውን ነው። ፕላስተሩ ተልጦ፣ ተጠቅልሎ፣ ከጎኑ ተቀምጧል። ወንድሜ እንግዶች ይዞ ገነተ ማርያም ሄዷል። ሌላ የጠረጠርኩት ሰው አልነበረም። ደካማው ባትሪ አልበቃው ብሎ ውሸታሙን አስገብቶ፣ ዋቱን ከፍ አድርጎ ይዞት ሄዷል አልኩ። ስልኩን ደወልኩ፤ አይነሳም። ሽንኩርት መክተፍ ጀምሬ ተውኩ። ምጣድ ጥጄ ረሳሁ።

ከቀትር በኋላ ሲገባ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ጓሮ ጎተትኩት።

«አውጣው።»

«ምኑን?»

«አትቀልድ። ባትሪውን አውጣው።»

መሣሪያውን ከፍቶ መዳፉ ላይ አራገፈው። የወጣው የእንግዳው ባትሪ ነው፤ አረንጓዴው። ስክሪኑም አሥራ አምስት ይላል።

«ማርያምን፣ ያንን አልነካሁትም» አለ። በዚህ ጊዜ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም።

እሱ ካልወሰደው የቀረነው እኔና አባባ ብቻ ነን። አባባ ደግሞ የባትሪ ድንጋይ ሲያገኙ ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ።

መብራት ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ በነበረበት ዘመን አገሩ ሁሉ የባትሪ ድንጋይ መቆጠብ ተምሯል። የደከመ ድንጋይ አይጣልም። ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ሞቅ ሲል ትንሽ ብርሃን ይሰጣል። አሁንም አልነሳ ካለ በጥርስ ይነከሳል፤ ጎኑ ሰርጎድ ሲል ጥቂት ቀን ያስኬዳል። አባባ በዚህ የታወቁ ናቸው። ሌሊት ለኪዳን ሲወጡ የሚይዙት የእጅ ባትሪ በተሰጣ ድንጋይ ነው የኖረው። በቀደመው ፋሲካ ወንድሜ ቻርጅ የሚደረግ አዲስ ዓይነት ገዝቶላቸው ነበር፤ የሱም ድንጋይ ከከረመ በኋላ ሞተ። የአዲሱ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ደግሞ መጠኑ ከመደርደሪያው ከጠፋው ጋር አንድ ነው።

ሁለታችንም ወደ ፊተኛው ግቢ ሮጥን።

አባባ እዚያ ባለው ካብ ላይ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ጥቁር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ትልልቆቹ የባትሪ ድንጋዮች ተሰጥተዋል፤ ከመካከላቸው ወይን ጠጁ። ልባሱ ጫፉ ላይ ተቀዷል፤ ከሥሩ ብረቱ ያብለጨልጫል። ጎኑ ላይ ሁለት ቦታ ሰርጉዷል።

«አባባ፣ ያንን ይተዉት» አልኩ።

«የቱን?»

«ትንሹን።»

«ይቺን? ይቺ ለአዲሱ ባትሪ ልኩ ናት። ጥርስ ግን እምቢ አለች፤ ብረት ናት። በጠጠር ነው ያባበልኳት። ሞቅ ትበልና እንሞክራታለን።» እጃቸውን ሰደዱ።

«አይንኳት!»

አባቴ ላይ ጮኬ አላውቅም። እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ወንድሜ ከኋላዬ ሲተነፍስ ይሰማኛል። አባባ ቀስ ብለው ዞሩና ምሳ ላይ ያዩኝን አስተያየት አዩኝ።

«የማን ናት? በፕላስተር ጠቅልለሽ ቅባት ዕቃ ውስጥ የደበቅሻት ለምንድን ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ብናገር ወንድሜ ያልቅለታል፤ ዝም ብል አባባ ያነሷታል። ደግነቱ ብዙ ለማሰብ ጊዜ አልተሰጠኝም፤ ድንጋዩ ላይ ጭስስ የሚል ድምፅ ሰማሁ። የፈላ ጀበና ክዳን ሥር እንደሚያፏጨው ቀጭን ነው። የጋቢያቸውን ጫፍ ጨበጥኩና በሙሉ ኃይሌ ሳብኳቸው። ከካቡ ወርደው እላዬ ላይ ተደገፉ።

«ምን ሆነሻል አንቺ...» ሳይጨርሱት ባትሪው ነጭ ጭስ ተፋ፤ ወዲያው ነበልባል ሆነ። ከድንጋዩ ላይ ተወርውሮ ሣሩ ላይ ወደቀና እየተሽከረከረ ነደደ። አየሩን ጣፋጭነት ያለው፣ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ሽታ ሞላው።

«ውሃ ላምጣ?» አለ ወንድሜ።

«ተወው፣ ዙሪያው ድንጋይ ነው። ጭሱን ብቻ አትጠጉ።»

ደቂቃ የፈጀ አልመሰለኝም። የቀረው የጠቆረ ቀፎና የተቃጠለ ሣር ነው። አባባ የቀኝ እጃቸውን ገልብጠው መዳፋቸውን አዩት፤ ከዚያ ጀርባውን።

«ነገ በጨለማ በዋሻው መተላለፊያ ይዣት ልገባ ነበር» አሉ። «ሰው ከፊቴም ከኋላዬም።»

ቤተ ክርስቲያኖቹን የሚያገናኘው መተላለፊያ ምን ያህል ጠባብና ጨለማ እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

«እንግዲህ ለእጅ ባትሪ ካልሆነች ለምን ኖሯል?» አሉ አባባ።

ወደ ወንድሜ ላለመዞር መሬት መሬት አየሁ። እሱ ግን በአጠገቤ አልፎ ወደ ፊት ሄደ።

«የኔ ናት አባባ» አለ። ከኪሱ መሣሪያውን አውጥቶ በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጣቸው።

አባባ አገላብጠው አዩዋት። አፍንጫቸው አጠገብ አደረሷት። ዓይናቸው ከሷ ወደ ወንድሜ፣ ከወንድሜ ወደ እኔ ሄደ፤ እኔ ላይ ሲደርስ ለዘብ አለ።

«ማንጎ» አሉ።

ወንድሜ የሚመጣበትን ስድብ እየጠበቀ አንገቱን ደፋ። እኔም ጠበቅሁ። አባባ ግን ካቡ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

«የምትስበው ነገር ካንተና ከንስሐ አባትህ ጋር ነው፤ እሑድ አብረን እንሄዳለን። ድንጋዩ ግን ከእህትህ ጋር ነው። ነይ እስቲ፣ አንቺ። እዚህ ውስጥም አለ?»

«አለ፣ አባባ። ሌላ ነው።»

«እንደዚያኛው ነው?»

ከፍቼ አወጣሁት። አረንጓዴው ልባስ ላይ ያለው ቁጥር ልከኛ ነው፤ ክብደቱም ከሚገባው አይጎድልም። አንድ ጥግ ላይ ግን ልባሱ ተፍቋል። እንግዳው ስንት ዓመት ተጠቅሞበት፣ ስንት ጊዜ ጥሎት፣ ስንት ጊዜ በሰማንያ ዋት አልቦት እንደነበር የሚያውቅ እዚህ አገር የለም።

«የተጻፈበት እውነት ነው?» አሉኝ።

«ይመስላል። ግን አላውቅም።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል?»

«ከላይ አይታይም አባባ። ሰርጎድ ቢልና ልባሱ ቢቀደድ አውቅ ነበር። ደህና የሚመስለውን ነው የማላውቀው።»

አባባ ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያስ እዚያ አድርጊው» አሉና ከቤቱ ራቅ ያለውን፣ አሸዋ የፈሰሰበትን ጥግ አሳዩኝ። የተፋቀችውን ቦታ በፕላስተር ሸፍኜ ሄጄ ጥላው ውስጥ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት።

ስመለስ ወንድሜ አባባ አጠገብ ካቡ ላይ ተቀምጧል። እኔም ተቀመጥኩ። ባትሪው አሸዋው ላይ እንዳለ አለ፤ አያፏጭም፣ አይጨስም፣ ምንም አይሆንም።

«ምንም የለውም እኮ» አለ ወንድሜ ከቆየ በኋላ።

«ዝም በል» አሉት አባባ፣ ዓይናቸውን ከጥጉ ሳይነቅሉ። «ያቺም ምንም አልነበራትም።»