ምሥጋናን አረንጓዴ የቀባንበት ዓርብ

ትንቢትን የማያውቅ ሰው "ኩሩ ናት" ይላል። ውሸት! ዓይነ አፋር ናት እንጂ ምን ኩራት አላት። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ጎረቤታሞች ነን፤ ባሕር ዳር፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር። እናቷ እትዬ አገርነሽ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ሁለቱን ልጆቻቸውን፣ ምሥጋናንና ትንቢትን፣ ለብቻቸው ነው ያሳደጉት።

ምሥጋና ታላቋ ነው። እሷ ኮሌጅ እንድትገባ ብሎ የራሱን ትምህርት ትቶ ባጃጅ ይነዳ ነበር። የባጃጁ ባለንብረት ሲሸጠው ሥራ ፈታ። ካቻምና አንድ ጠዋት "መራዊ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለእሑድ እመጣለሁ" ብሎ እናቱን ስሞ ወጣ። የደወለው ከመተማ ማዶ፣ ከሱዳን ነው። ከዚያ ሊቢያ ገባሁ አለ፣ ከዚያ ወሬው ጠፋ። እትዬ አገርነሽ ስልካቸውን ቤተ ክርስቲያን ሳይቀር ይዘው ይገባሉ፤ ቄሶቹ ቢቆጧቸውም አያጠፉትም።

ዘንድሮ እኔና ትንቢት በምንማርበት ኮሌጅ መምህራችን በቡድን ሆናችሁ ስለ አንድ ማኅበራዊ ችግር ኢንፎግራፊክ ሥሩ አሉን። "ጽሑፍ አታብዙብኝ፤ ሰው ቆም ብሎ አይቶ ወዲያው የሚገባው ሥዕልና ቁጥር ይሁን፤ በእጅም ቢሆን ግድ የለኝም" አሉ። ቡድናችን ሦስት ነው፤ ትንቢት፣ እኔ ዜማ፣ እና አማኑኤል የሚባል ከአንበሳሜ ከተማ የመጣ ልጅ። አማኑኤል "የትራፊክ አደጋ እንሥራ፣ መረጃው ሞልቷል" አለ። ትንቢት ግን "ስደት" አለች። የምሥጋናን ነገር እያወቅን ማን ይከራከራታል?

ቤት ለቤት እየዞርን ከሰፈራችን ስለ ተሰደዱት ልጆች ጠየቅን። ትንቢት በትልቅ ወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ትንሽ የሰው ምስል ሣለች። የደረሰው አረንጓዴ፣ የሞተው ጥቁር፣ ወሬው የጠፋው ቢጫ። አማኑኤል "አንዱን በኮምፒውተር ሠርተን ሌላውን ኮፒ ብናደርገው እኮ አሁኑኑ ያልቃል" ቢላት፣ "ሰው ኮፒ አይደረግም" ብላ ኩም አደረገችው። አንዱን ቦርሳ አሸከመችው፣ አንዷን ነጠላ አለበሰቻት። ምሥጋና ኮፍያውን ወደ ኋላ አዙሮ ቆሟል፤ ቢጫ።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ ረቡዕ ዕለት፣ አባቴ ጠሩኝ። የእድራችን ዳኛ ናቸው። "ዜማ፣ ቁጭ በይ" አሉኝ። ቁጭ በይ ሲሉኝ ደግ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ምሥጋና ሞቷል። ባሕሩን ሊሻገሩ ሲሉ እዚያው ሊቢያ ታሞ አረፈ፤ ጓደኞቹ ቀብረውት ተሻገሩ። ለአባቴ የደወለውም ከእነሱ አንዱ ነው።

"መርዶው እሑድ ሊነጋጋ ሲል ነው" አሉ አባቴ። "የትንቢት አጎት ቄስ ገብረ መስቀል ከቆላ ድባ መምጣት አለበት፤ መንገዱ አልተመቸም። ያለ ዘመድ አይነገርም። ላንቺ የነገርሁሽ በዚያች ሰዓት ልጅቷን እንድትይዣት ነው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ!"

ለእኔ! ሆዴ ምስጢር እንደማይቋጥር አገር ያውቃል። ኀሙስን ራሴን አሞኛል ብዬ ተሸፋፍኜ ዋልሁ።

ዓርብ ጠዋት ትንቢት እየሮጠች ክፍል ገባች። "ዜሚ! እነምሥጋና ተሻግረዋል!" የሰፈራችን ልጅ ፌስቡክ ላይ ጓደኞቹን አይቷቸው ነው፤ ጣሊያን ሆነው ፎቶ ለጥፈዋል።

"እሱስ አለ ፎቶው ላይ?" አላት አማኑኤል።

"የሚያነሣቸው እሱ ይሆናላ!" አለች እየሳቀች። "ዱሮስ ፎቶ ማንሣት እንጂ መነሣት መቼ ይወዳል?"

 ብሩሹን አረንጓዴው ውስጥ ነከረችና ለእኔ አቀበለችኝ። "አበላሸዋለሁ፣ አንቺ ቅቢልኝ" አለችኝ።

"እስቲ ራሱ እስኪደውል እንጠብቅ" አልሁ።

"ምን ሆነሻል? ደስ አይልሽም እንዴ?"

"ቅቢው እንጂ፣ ዛሬ ነው የሚሰቀለው!" ይለኛል አማኑኤል፤ እሱ ምን ያውቃል። ምን ላድርግ? ቀባሁት። ቢጫው ከሥር እየታየ አስቸገረኝ፤ ደግሜ ቀባሁት። ትንቢት ትከሻዬ ላይ አገጯን አስደግፋ ታያለች፤ ትንፋሿ ጆሮዬ ላይ ነው። "ኮፍያውንም" አለችኝ። ኮፍያውንም ቀባሁ።

እዚያ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ከሰዓት ሥራችን አዳራሽ ሲሰቀል ትንቢት እናቷን ይዛ ከች አለች። እትዬ አገርነሽ የበዓል ቀሚሳቸውን ለብሰዋል። "የታለ?" አሉ ወረቀቱ ሥር ቆመው። "ይኸው እማ፣ ባለኮፍያው" አለቻቸው። ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ሳሙት። "እኔ አፈር ልብላልህ፣ ልጄ" አሉ። ከዚያ እልልታቸውን አቀለጡት። ተማሪው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበ፣ መምህሩም አጨበጨቡ። እኔ ወጥቼ በቀጥታ ወደ ጣና ሄድሁ፤ ሰው ከማይደርስበት ደንገል ውስጥ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስሁ።

ቤት ገብቼ አባቴ ላይ ጮህሁባቸው። "ዛሬውኑ ንገሯቸው! እንዴት እንደዚህ ይቀለድባቸዋል?" አባቴ አልተቆጡኝም። አንገታቸውን ደፍተው "ቄሱ ነገ ማታ ይገባል። አንድ ቀን ደስ ቢላቸው ምናለ?" አሉ። ምናለ! እውነት ይመስላል ሲሰማ።

እሑድ ገና ሳይነጋ አባቴ፣ የእድሩ ሽማግሌዎች፣ ቄስ ገብረ መስቀል፣ እናቴና እኔ ሄደን በሩን አንኳኳን። እትዬ አገርነሽ ከፈቱ። ታናሽ ወንድማቸውን ቄሱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። "ሰምተህ ነው የመጣህ? የልጄን መሻገር ሰምተህ ነው?"

ቄሱ መስቀላቸውን እንደ ያዙ ወደ አባቴ ዞሩ። እትዬ አገርነሽ ያን ጊዜ ከኋላ የቆምነውን አዩ፤ ነጠላችንን እንደ ልቅሶ ዘቅዝቀናል። አባቴ ነገሯቸው።

መጀመሪያ አላለቀሱም። "ዓርብ እልል አልሁ እኮ" አሉ። "ልጄ አፈር ለብሶ እኔ ሰው መሀል ቆሜ እልል አልሁ። ምነው አንድ ሰው አፌን ቢይዘኝ? አንድ ሰው!" ይህን ብለው ደጃፉ ላይ ወደቁ። እናቴና ሽማግሌዎቹ ተረባርበው ያዟቸው።

ትንቢት ከኋላቸው ቆማ ነበር። ላቅፋት እጄን ዘርግቼ ሄድሁ። አላለቀሰችም፣ ዓይኔን ታያለች።

"ስትቀቢው ታውቂ ነበር?"

መዋሸት እችል ነበር። "አዎ" አልሁ።

የዘረጋሁትን እጄን ገፋችው። "ውጪልኝ" አለች።

ወጣሁ። ልቅሶው ጀመረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ እየሮጠ ይገባል። የትንቢትን ጩኸት ከሌላው ለይቼ እሰማዋለሁ። ማን ይዟት ይሆን እያልሁ፣ ከበራቸው ፊት ለፊት መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ ለምሥጋና ብቻዬን አለቀስሁ።