ሚስባህ ያላየው አረንጓዴ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ጉርድ ሾላ ላይ፣ ከአንድ የቆርቆሮና የሚስማር መደብር በላይ፣ ለነጋዴዎች የኮምፒዩተር ፕሮግራም የምትሠራ ትንሽ ቢሮ ነበረች። ሚስባህ ሱሌማን እዚያ ይሠራ ነበር። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ረጅምና ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ እምብዛም የማይሰማ ሰው ነው። ከወላጆቹ ጋር በሚኖርበት በሳሊተ ምሕረት ስለ ሥራው የሚጠይቀው ጎረቤት ቢኖር «ኮምፒዩተር ላይ ነኝ» ብሎ ያልፋል፤ ጎረቤቱም ደብዳቤ የሚተይብ ይመስለዋል።

የቢሮዋ ባለቤት ወይዘሮ ብርነሽ ንግግራቸው አጭር፣ ሥራ ላይ ቀልድ የማያውቁ ሴት ነበሩ። ከሚስባህ ጎን የሚቀመጠው ተወልደ ደግሞ ጨዋታ ይወዳል፤ አዲስ ዕቃ ሲያይ ካልነካካው አያስችለውም። ሁለቱ ለዓመታት የሠሩት ጥቁር መደብ ላይ ነጭ ፊደል ብቻ በሚያሳዩ አሮጌ ስክሪኖች ነው። በዚያን ጊዜ በሚስባህ ሥራ ላይ ስህተት ማግኘት ብርቅ ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ከባድ ደንበኛ ሲመጣ ሥራውን ለእሱ ይሰጡና ከዚያ በኋላ አይጠይቁም።

ባለቀለም ስክሪኖች የገቡት በ1989 ዓ.ም. ነው። አብሮ የመጣው አዲሱ የመጻፊያ ፕሮግራም ደግሞ የተጻፈውን ነገር እየለየ በየዓይነቱ ቀለም ይቀባል። ይሁን እንጂ እነሱ የሚጽፉበትን ክሊፐር የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ አያውቀውም ነበር። የትኛው ቃል ትእዛዝ እንደሆነ፣ የትኛው ምን ቀለም እንደሚይዝ በአንድ ፋይል ጽፎ ማስተማር ያስፈልጋል። ይህን ተወልደ በደስታ ሠራው። ትእዛዙን ቀይ፣ ተራውን ጽሑፍ ብርቱካናማ፣ ማስታወሻውን አረንጓዴ አደረገው። ማስታወሻ የሚባለው ፕሮግራመሩ ለራሱ የሚጽፈው፣ ኮምፒዩተሩ ግን ዘሎት የሚያልፈው ነገር ነው። የማይፈለግ አሮጌ ሥራም ሲኖር ሳይሰርዙት ከላይና ከታች የማስታወሻ ምልክት ያደርጉበታል፤ በመሃል ያለው ሁሉ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

ቢሮው ሁሉ ወደደው። ሚስባህ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ከበደው። ትእዛዞቹ ጥቁሩ መደብ ውስጥ የሰመጡ ይመስሉታል፤ አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ይጠጋል። መነጽር የሚያስፈልገው መሰለው። ሌላው ሰው ሲያመሰግን እሱ ብቻ ቢያማርር ደግ አይሆንም ብሎ ዝም አለ።

በዚሁ መሃል ቢሮው ቀደም ሲል ፕሮግራም የሠራለት አንድ መድኃኒት አስመጪ አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። አስመጪው የፈለገው የአገልግሎት ጊዜያቸው ሊያልቅ ጥቂት ወራት የቀራቸውን መድኃኒቶች ፕሮግራሙ አስቀድሞ እንዲያስጠነቅቅ ነው። ሚስባህ አዲሱን ስሌት ጽፎ ጨረሰ። ሲሞክረው ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት አስገባና ማስጠንቀቂያ ወጣለት፤ ያ ማስጠንቀቂያ ግን ጊዜው ላለፈበት ብቻ ከድሮ ጀምሮ በፕሮግራሙ ሌላ ቦታ የነበረው ነው። የራሱ መሰለውና አስረከበ።

ከወራት በኋላ ወደ ደሴ ሊላክ የተጫነ የሕፃናት ሽሮፕ ጥቂት ሳምንታት ብቻ እንደቀሩት ታወቀ። ያወቀችው የአስመጪው ፋርማሲስት ናት፤ መኪናው ሊንቀሳቀስ ሲል በአጋጣሚ አንዱን ካርቶን አገላብጣ አይታው ነው። ሽሮፑ ወረደ፤ ማንም አልተጎዳም። ፕሮግራሙ ግን ትንፍሽ አላለም ነበር።

ወይዘሮ ብርነሽ ሚስባህን ጠርተው አልጮሁበትም። «አንተ እንዲህ አልነበርክም» አሉት። ከእንግዲህ ተወልደ ሳያየው ከእጁ ምንም ሥራ እንደማይወጣ ነገሩት። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ጆሮው ግሎ ነበር።

ተወልደ ስህተቱን ለመፈለግ ወንበሩን ስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ብዙም አልቆየም።

«አረንጓዴው መሃል እኮ ነው የጻፍከው» አለው።

«የትኛው አረንጓዴ?»

ተወልደ የሚያሾፍበት መስሎት ፈገግ አለ። ከዚያ ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ አሳየው። ቀድሞ ሚስባህ ራሱ ከሥራ ውጭ ያደረገው ረጅም ስሌት ነበር። የላይኛው ምልክት ከስክሪኑ አልፎ ስለሄደ አይታይም፤ አረንጓዴነቱ ግን ለሚያየው ሰው ግልጽ ነው። የሚስባህ አዲስ መስመሮች በዚያ መሃል ገብተው ለኮምፒዩተሩ እንዳልነበሩ ሆነዋል። ሚስባህ ወደ ላይም ወደ ታችም አየ። ለእሱ ሁሉም አንድ ዓይነት ነበር።

ተወልደ አንድ ቃል አሳየው፤ ቀጥሎ ሌላ ቃል አሳየው፤ አንድ ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀው። ሚስባህ አንድ ናቸው አለ። ተወልደ እጁን መለሰ። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ «ሚስባህ፣ እነዚህ እኮ ጭራሽ አይመሳሰሉም» አለው።

ሚስባህ በልጅነቱ የሆነው ነገር ባንድ ጊዜ ፊቱ ድቅን አለበት። አባቱ አቶ ሱሌማን ከወሎ መጥተው መገናኛ ላይ ክር፣ ቁልፍና ዚፕ የሚሸጡበት ሱቅ ከፍተው ነበር። ሚስባህ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ያግዛቸዋል። ልብስ ሰፊዎች ቡኒ ክር ሲጠይቁት አረንጓዴ ያመጣል፤ ቀይ ሲሉት ጥቁር መሳይ ነገር ይዞ ይቀርባል። አባቱ መጀመሪያ ሳቁ፤ ኋላ ተቆጡ፤ አንድ ቀንም ደንበኛ ፊት በጥፊ መቱት። «ልብህን የት ጥለኸው ነው የመጣኸው?» ይሉት ነበር። በመጨረሻም ይህ ልጅ ለሱቅ አይሆንም ብለው ታላቅ ወንድሙን ካሊድን አስገቡ። ሚስባህ ልቡ ከእሱ ጋር የማይውል ሰው መሆኑን አምኖ አደገ። ሒሳብ የወደደው፣ ኋላም ኮምፒዩተር የወደደው፣ እዚያ ሲሆን ልቡ አብሮት ስለሚቆይ ነበር። አሁን ግን እዚያም የከዳው መስሎት ነበር።

ተወልደ ወትውቶ ዓይን ሐኪም ዘንድ ላከው። ሐኪሙ በትንንሽ ነጠብጣቦች የተሞላ መጽሐፍ እየገለጡ በውስጡ ያለውን ቁጥር እንዲያነብ ጠየቁት። በብዙዎቹ ገጾች ላይ ሚስባህ ከነጠብጣብ በቀር ያየው የለም። ሐኪሙ ዓይኑ ጤነኛ እንደሆነ፣ ቀይንና አረንጓዴን ግን ከተወለደ ጀምሮ እንደማይለይ፣ ይህም በእናት በኩል የሚወረስ እንደሆነ ነገሩት። አይድንም፤ አይብስበትምም።

«ልቤን ሰብስቤ ባይ ይለይልኝ ይሆን?» ብሎ ጠየቃቸው።

«ልብህ እዚህ ውስጥ ምንም ሥራ የለውም» አሉት ሐኪሙ።

ከክሊኒኩ ወጥቶ አጥሩ ሥር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይደሰት ይናደድ አልለየለትም። ያ ሁሉ ቁጣ በከንቱ ነበር ማለት ነው። እስኪረጋጋ ድረስ የሚያልፉትን ታክሲዎች ሲያይ ቆየ።

ተወልደ ቀለሞቹን ላስተካክልልህ ቢለው ሚስባህ እንቢ አለ። የሚታየኝን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ራሴ ልሥራው አለው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢሮው ጭር ሲል ያንን የቀለም ፋይል ከፈተ። ፋይሉ የሚፈራ ነገር አልነበረም። የትእዛዝ ቃላት ተደርድረዋል፤ ማስታወሻ በምን ምልክት እንደሚጀምርና በምን እንደሚያልቅ ተጽፏል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ዓይነት የፊደሉና የመደቡ ቀለም በቁጥር ተሰጥቶታል። ሚስባህ በቀለማቸው ስም መምረጡን ተወው። ደማቁን ከደብዛዛው መለየት ላይ ማንም አይቀድመውምና በዚያ ሄደ። ትእዛዙን ደማቅ ቢጫና ወፍራም አደረገው፤ ተራውን ጽሑፍ ነጭ። ማስታወሻውን ግን በፊደሉ ቀለም ብቻ ሊያምነው አልፈለገም፤ መደቡን ራሱን ሰማያዊ አደረገው።

መጀመሪያ ሲሞክረው ከላይ እስከ ታች ገጹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። የማስታወሻውን መዝጊያ ምልክት መጻፍ ረስቶ ኖሮ፣ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ማስታወሻ በኋላ ያለውን ሁሉ ማስታወሻ አድርጎታል። ብቻውን ሳቀ። መዝጊያውን ጨመረ፤ ሰማያዊው ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ የመድኃኒቱን ፕሮግራም ከፈተ።

ከሥራ ውጭ የሆነው ስሌት እንደ ሰማያዊ ምንጣፍ ተዘርግቶ ነበር። መሃሉ ላይ የራሱ መስመሮች ተኝተዋል። ለወራት ያልታየውን ነገር ያለ ምንም ድካም አየው። መስመሮቹን ከዚያ አውጥቶ ከምንጣፉ በታች፣ ጥቁሩ መደብ ላይ አስቀመጣቸው። ሁለት ወር የቀረውን መድኃኒት አስገብቶ ሲሞክር ማስጠንቀቂያው ወጣ። በዚህ ጊዜ የራሱ መሆኑን እስኪያረጋግጥ ደጋግሞ ሞከረው።

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ብርነሽ ዘንድ ገብቶ ሁሉንም ነገራቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙትና ለምን ቀድሞ እንዳልነገራቸው ጠየቁት።

«እኔም አላውቅም ነበር» አለ። «ግድ የለሽ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።»

ወይዘሮ ብርነሽ ቁጥጥሩን ጨርሰው አላነሡትም። የሽሮፑ ነገር አስደንግጧቸው ነበርና ከእንግዲህ የማንም ሥራ ሌላ ሰው ሳያየው አይወጣም አሉ፤ ተወልደ የሚስባህን፣ ሚስባህ የተወልደን ያያል። ለሚስባህ ይህ በቂ ነበር። ተወልደም ሳይጠየቅ አዲሱን ቀለም በራሱ ማሽን ላይ ጫነው። ሰማያዊው መደብ ለእሱም እንደሚሻለው ተናገረ፤ እውነቱን ይሁን ለማጽናናት ሚስባህ አልጠየቀውም።

ቤት ውስጥ ለመናገር ግን ብዙ ቀን ፈጀበት። መጀመሪያ የነገረው ለእናቱ ለወይዘሮ ፈሂማ ነው። በእናት በኩል ይወረሳል ሲላቸው ደነገጡ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ወንድማቸው ሃይደር ትዝ አላቸው። ሃይደር በሕይወቱ ሙሉ ልብስ ሲገዛ ሚስቱን ሳይዝ ሄዶ አያውቅም፤ ዘመድ ሁሉ ሚስቱን ይፈራል እያለ ይስቅበት ነበር። «እሱም ለካ ሲቸግረው ኖሮ ነው» አሉ እናቱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አባቱ በር ላይ ቆመው ይህን ሁሉ ሰምተዋል። ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ።

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ ሱሌማን ጉርድ ሾላ ያለውን የቢሮ ደረጃ እየተነፈሱ ወጡ። ልጃቸው የሚሠራበትን ቦታ አይተው አያውቁም ነበር። ተወልደ ወንበሩን ለቀቀላቸው። ሚስባህ የሚያደርገው ጠፍቶት ስክሪኑን አሳያቸው፤ ይኼ ትእዛዝ ነው፣ ይኼ ማስታወሻ ነው እያለ። አባቱ ግን ፊደሎቹን አላዩም፤ እሱን ነበር የሚያዩት።

«እኔ ልጄ ልብ የለውም ስል ነው የኖርኩት» አሉ በመጨረሻ። «በሰው ፊትም መታሁህ። አፉ በለኝ፣ ልጄ።»

«አላወቅህም እኮ፣ አባባ።»

«አለማወቄን አውቃለሁ። አንተ ግን አፉ በለኝ።»

ሚስባህ ጉንጫቸውን ሳመና አፉ ብያለሁ አላቸው። ተወልደ አንድ ነገር የረሳ መስሎ ወጣ።

ሥራ ሲያበቃ አባትና ልጅ አብረው ወደ መንገዱ ወረዱ። አቶ ሱሌማን በመንገዳቸው ላይ ኮምፒዩተሩ ትእዛዙን እንዴት አድርጎ እንደሚረዳ ጠየቁት። ሚስባህ ማስረዳት ጀመረ። አባቱ ባልገባቸው ቦታ እያስቆሙት፣ እንደገና እያስጀመሩት፣ ወደ ሰፈራቸው የሚሄደው ታክሲ መጥቶ ሲቆም ገና መጀመሪያው ላይ ነበሩ። ከኋላ ወንበር ጎን ለጎን ተቀመጡና ሚስባህ ካቆመበት ቀጠለ።