የማይጨማደደው ልብስ

በ1988 ዓ.ም. ላምበረት አካባቢ ልብስ የሚሰፋው ዓብዱ ጨርቅ የሚያውቀው በክብሪት ነበር። ክር መዝዞ ሲለኩሰው ጥጡ አመድ ይሆናል፤ ናይለኑ ግን ይቀልጥና ጣት ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ የሰፈሩ ነዳጅ ማደያ ባለቤት፣ «ለዘበኛዬ እሳት የሚችል ልብስ ስፋለት» ሲለው ወፍራሙን የጥጥ ካኪ መረጠ።

ዘበኛው ጋሽ ያሕያ ሊለኩ መጡና ካኪውን ዳሰስ አድርገው ቅር አላቸው።

«ይሄማ ወዲያው ይጨማደዳል። ለልጄ ኒካህም የምለብሰው ይሄንኑ ነው። ያንን የሚያብለጨልጨውን አድርግልኝ፣ ዓብዱ።»

ክብሪት ጭሮ ሊያሳያቸው አሰበ። ግን የአገሩ ሰው፣ የወሎ ሽማግሌ ናቸው። ይሉኝታ የሚሉት ጣጣ ያዘውና ናይለኑን ሰፋላቸው።

ኒካሁ ሳይደርስ ማደያው ላይ እሳት ተነሳ። ዓብዱ ሊጠይቃቸው ሆስፒታል ሲሄድ፣ ሱሪው ከእግራቸው የተላቀቀው ከነቆዳቸው እንደሆነ በር ላይ ነገሩት። ገብቶ አልጋው አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

ጋሽ ያሕያ ዓይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ልብሱን ቀደው ጣሉብኝ፤ ልፋትህን ከንቱ አስቀሩት። ለኒካሁ ከዚያው ጨርቅ ሌላ ትሰፋልኛለህ አይደል?»