የተቆረጠው የአቮካዶ ቅርንጫፍ

የባለቤቴን ኢንሱሊን የምናስቀምጥባት ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ ካዛንቺስ መብራት ሲጠፋ በጣሪያችን ሶላር ትሠራለች። ዐቢይ ጾም ከገባ ወዲህ ግን ጉልበት አነሳት። ሶላሩን የገጠሙልን ሰዎች የአንዱ ፓነል ጥግ እንኳ ከተጋረደ ሁሉም እንደሚደክም ነግረውን ነበር። እኔም የጎረቤቴን አቮካዶ ጠረጠርኩ። ቅርንጫፉን እንዲያስቆርጡ ለመጠየቅ ይሉኝታ ያዘኝ፤ ለልጄ ብቻ አማረርኩ።

ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ሙስሊም ሴት ናቸው። ከአጥሩ ማዶ ሰምተውኝ ኖሮ በማግስቱ ፍሬ የያዘውን ቅርንጫፍ አስቆረጡ። ማቀዝቀዣዋ ግን አልተሻላትም።

ልጄ መሰላል አቁማ ጣሪያው ላይ ወጣች።

"እማዬ፣ የጋረደው ያንቺ ነጠላ ነው!"

በጾሙ በየቀኑ ቤተ ክርስቲያን ስለምሄድ ነጠላዬን በየቀኑ አጥባለሁ። አቧራ እንዳይነካው ብዬ ጣሪያው ላይ በሳብኩት ገመድ አሰጣዋለሁ። ልጄ ስታነሳው ኃይሉ ወዲያው ተመለሰ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሄጄ ስነግራቸው ጎረቤቴ ሳቁ።

"ነጠላሽ ከዛፌ በለጠ በይኛ! ምነው ልጄ፣ ቀድመሽ ብትጠሪኝ አብረን እናየው አልነበር? ይሁን፣ የባልሽ መድኃኒት ተርፏል፤ አልሐምዱሊላህ።"

እግዚአብሔር ይስጥልኝ አልኩ። ቀና ብዬ ግን ላያቸው አልቻልኩም።