መሐላዬን የማሉልኝ ሴት

ሲወስዱኝ የልጄን ጨርቅ እያጠብኩ ነበር። የመጡት ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ጎረቤቴ ነው። ዐይኔን አላየኝም። «ባልሽ እስኪገኝ አንች ትቀመጫለሽ» አለኝ። ባሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስሙ ሲጠራ ጠፍቶ ነበር። እጄን እንኳ ሳልጠርግ ልጄን ታቅፌ ሄድኩ።

ያሰሩን እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ከአንድ ባለጸጋ በተወረሰ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ግድግዳው ገና ቅቤ ቅቤ ይሸታል። መስኮቱን በቆርቆሮ መትተውታል፤ በምስማሩ ቀዳዳ የጉና ተራራ ብርድ እንደ መርፌ ይገባል። አምስት ሴቶች ነበርን። ትልቋ ጠላ ሻጭ ናቸው፤ እትዬ እንላቸዋለን። ቤታቸው ውስጥ አንድ ሰካራም መንግሥትን የሚነካ ዘፈን ዘፍኖ ነው የገቡት። «የጠመቅሁት ጠላውን ነው፤ አፉን እሱ ይዞት መጣ» እያሉ ያስቁን ነበር።

ልጄ ሴት ናት፤ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና መነሳት አለባት። ቀኑ እንዳይጠፋኝ በየማለዳው የነጠላዬን ዘርፍ አንድ አንድ እቋጥራለሁ። በሰባ ስምንተኛው ቀን ልጄ ማሳል ጀመረች፤ ጡትም እንቢ አለች። ሳትጠመቅ ብትሞትስ? ቤተ ክርስቲያን ግቢ እንኳ አትቀበርም። ይኸ ሐሳብ ከእስሩ ይልቅ በላኝ።

የዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ካድሬው መጣ። በር ላይ አግዳሚ አስመጥቶ ተቀመጠ።

«ባልሽ የት ነው?»

«አላውቅም፣ ጓድ።»

«ልጅሽ ታማለች አሉ።»

ልጄን ወደ ደረቴ ጠጋ አደረግኳት።

«እንግዲያው አላውቅም ብለሽ በማርያም ማይልኝ። ከማልሽ ዛሬውኑ ትሄጃለሽ።»

ይኸ ሰው በየስብሰባው እግዜር የለም እያለ የሚያስተምረን ነው። ግን የአገር ልጅ ነው። የኛ ሰው ዱላ ፈርቶ ይዋሻል፤ በማርያም ምሎ ግን አይዋሽም። ያን ያውቃል። ባሌ ጉና ላይ አክስቱ ዘንድ ገብስ ያጭዳል። በሐሰት ብምል ቅጣቱ ልጄ ላይ ይወርዳል ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱን ብናገር ባሌን ይዘው ወደ ጦር ሜዳ ይልኩታል። አፌ ተከፈተ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልናገር ነበር።

እትዬ ከጥጋቸው ሳቁ።

«አንተ ልጅ፣ እግዜር የለም ስትለን አልነበር? ማርያምን ከየት አመጣሃት?»

«ዝም በይ፣ አሮጊት!»

«እሷ ምን ታውቃለች? እኔን ጠይቀኝ። ባሏ እኔ ቤት አድሮ፣ ከበቅሎ ነጋዴዎች ጋር ወደ ይፋግ ወርዷል። ይኸኔ ሱዳን ገብቷል።»

«ደብቀሽ አሳደርሽው ማለት ነው?»

«አዎ፣ ደብቄ።»

«ማይ።»

«ቆይ፣ ልነሳ። ቁጭ ብሎ አይማልም።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሱ። ጀርባቸውን ለእሱ፣ ፊታቸውን ለእኔ ሰጡ። በላብ የጠቆረ ማተባቸውን ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ውስጥ ከተቱት። ማተብ አንገት ላይ እያለ በሐሰት አይማልም። «ለልጅሽ ክርስትና ይሁን» አሉኝ በሹክሹክታ። ከዚያ ባዶ አንገታቸውን በነጠላ ሸፍነው፣ ዞረው ማሉ። ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። ካድሬው መሬት መሬት አየ። አምኖ ይሁን ፈርቶ፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ በዚያው ቀን ወጣሁ። እሳቸው ቀሩ፤ ከዚያ ወዲያ ጥፋታቸው ዘፈን ብቻ አልነበረም።

በሰማንያኛው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ያ ጎረቤቴ ጠመንጃውን ይዞ ደጁ ላይ ቆሟል። ቄሱ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ የባሌ እኅት ወደ ፊት ራመድ አለች። ያዝኳት።

«እሷ አይደለችም፣ አባ። የክርስትና እናቷ ታስረዋል። በእሳቸው ስም ትያዝልኝ።»

ቄሱ ወደ ደጁ አዩ። «ስማቸውን በጆሮዬ ንገሪኝ» አሉ ቀስ ብለው።

እኔ ግን ከነአባታቸው ስም ጮክ ብዬ ጠራሁት። ጎረቤቴ ሰምቷል፤ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ቄሱ የእሳቸውን ማተብ ልጄ አንገት ላይ አሰሩት።

ከሳምንት በኋላ ስንቅ ይዤ ብሄድ ጓዳው ባዶ ነው። በመኪና ወሰዷቸው አሉኝ፤ ወዴት እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። ባሌ መንግሥት ሲለወጥ ከጉና ወረደ፤ ዕድሜ አግኝቶ በአልጋው ሞተ። የእሳቸውን መቃብር ግን የሚያውቅ የለም። ማተብ የሌለው ሬሳ ሲገኝ ክርስቲያን ነው ብሎ ማን ይፈታዋል? ይኸን ሳስብ የራሴ አንገት ይበርደኛል።

ልጄ አምና ከዐረብ አገር ተመለሰች። «እማዬ፣ ስማቸውን ጻፊው፤ አሁን ማን ምን ያደርግሻል?» ትለኛለች። ፊደል በመሠረተ ትምህርት ቆጥሬያለሁ፣ መጻፉ አያቅተኝም። የመጀመሪያዋን ፊደል ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኳት። ያኔ ጠመንጃ ፊት የጠራሁትን ስም ዛሬ እጄ እንቢ አለኝ።

እሷ አትፈራም። ለጸሎት የእትዬን ስም ስታስይዝ ቄሱ «ከሕያዋን ነው ከሙታን?» ይሏታል። ሞተዋል ያለን ስለሌለ «ከሕያዋን» ትልና ስሙን ጮክ ብላ ትጠራለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ፣ ማን እንደሰማ ለማየት ዞር እላለሁ።